ሰሊጥ ወደ እስያ፦ መጀመሪያ ቀረጡ፣ ከዚያ ገዢው

ሰሊጥ ለእስያ ገበያ እንደማቀርብ የሰማ ሁሉ "ገዢ ከየት አገኘሽ?" ይለኛል። ገዢ ፍለጋ ግን ሁለተኛው ሥራ ነበር። ቁጭ ብዬ መጀመሪያ ያየሁት ቀረጥ ነው።

እስያ የሚባል አንድ ገበያ የለም። የሰሊጥ የጉምሩክ ቁጥር 1207.40 ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሃዞች በየአገሩ አንድ ስለሆኑ፣ ይቺን ቁጥር ይዞ የማንኛውንም አገር ቀረጥ መፈለግ ይቻላል። ጄኔቫ ያለው ዓለም አቀፍ የንግድ ማዕከል "ማርኬት አክሰስ ማፕ" የሚል ድረ ገጽ አለው፤ ብዙ ምሽቴን የበላው እሱ ነው። ልዩነቱ ያስደነግጣል። ጃፓን ለሰሊጥ ቀረጥ አታስከፍልም። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ የሰሊጥ ዘይት ከምግቧ የማይለይ አገር ሆና ሳለ፣ ከኮታ (በዝቅተኛ ቀረጥ እንዲገባ ከተፈቀደው መጠን) ውጪ ለሚገባው 630 በመቶ ትጠይቃለች። አዎ፣ ስድስት መቶ ሠላሳ። በኮታ የሚገባው 40 በመቶ ነው፤ እሱንም በዋናነት የሚገዛው ኤቲ የተባለው የመንግሥት ድርጅት በጨረታ ነው። አንድ ኮንቴይነር ይዞ ለሚመጣ ሰው የሚሆን አይደለም፣ ተውኩት።

ቻይና ከዓለም ትልቋ የሰሊጥ ገዢ ናት፤ ሁሉም ሰው የሚሮጠውም ወደዚያው ነው። እዚያ ለመግባት ግን መጀመሪያ ሰሊጡ የበቀለበት አገር የተፈቀደለት መሆን አለበት። ከእ.ኤ.አ. 2022 ጀምሮ ደግሞ ምግብ አዘጋጅተው የሚልኩ የውጭ ድርጅቶች በቻይና ጉምሩክ መመዝገብ አለባቸው። ወረቀቱ ያልቃል፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። በዋጋ የምትፎካከሩት በመቶ ኮንቴይነር ከሚጭኑ ላኪዎች ጋር ነው። እኔ ያ አቅም የለኝም።

ስለዚህ ጃፓን። ብዙ ላኪ ጃፓንን የሚፈራው በምርመራዋ ነው፤ እኔን የሳበኝ ደግሞ እሱ ራሱ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2006 ጀምሮ የተለየ ገደብ ያልወጣለት ማንኛውም የፀረ ተባይ ቅሪት ከ0.01 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 0.01) እንዳያልፍ በሕግ ተወስኗል። ይህ በ100 ቶን ውስጥ 1 ግራም ማለት ነው። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ወደ 19 ቶን ሰሊጥ ይይዛል፤ እናንተው አስሉት። ገበሬው ምንም ባይረጭ እንኳ ከጎረቤት ማሳ በነፋስ የመጣ መድኃኒት፣ ቀድሞ ሌላ ነገር የነበረበት ጆንያ ወይም መጋዘን ውስጥ ለነቀዝ የተነሰነሰ ዱቄት ጭነቱን ሊያስጥል ይችላል።

ትልቁ ላኪ ከመቶ ቦታ ሰብስቦ ስለሚቀላቅል የትኛው ከየት እንደመጣ መለየት ይቸግረዋል። እኔ ግን የማውቃቸው ጥቂት ገበሬዎች አሉ። የእያንዳንዱን ምርት ለብቻው አስቀምጣለሁ፣ አዲስ ጆንያ ብቻ እጠቀማለሁ፣ ከየክምሩ ናሙና አውጥቼ ከመጫኔ በፊት ላቦራቶሪ አስመረምራለሁ። ምርመራው ውድ ነው። ነገር ግን ውጤቱ ከናሙናው ጋር ሲላክ አንድ ትንሽ ላኪ ከትልቁ እኩል ይሰማል። ጥብቅ ሕግ ያለበት ገበያ ለትንሽ ድርጅት ይሻላል የምለው ለዚህ ነው፤ ሕጉ በዋጋ ብቻ የሚመጣውን ተፎካካሪ ያስቀርልሃል።

ገዢዬ ግዙፍ የጃፓን ንግድ ቤት አይደለም። ለዘይት ጨማቂዎችና ሰሊጥ ቆልተው ለሚሸጡ የሚያቀርብ መካከለኛ አስመጪ ነው። እንዲህ ዓይነቶቹን መጋቢት አካባቢ ቶኪዮ በሚካሄደው ፉዴክስ የምግብ ኤግዚቢሽን ላይ ታገኟቸዋላችሁ። (ቻይና ላይ መሸጥ የምትፈልጉ ደግሞ ዝነኛውን የካንቶን ፌር ከማሰባችሁ በፊት ልብ በሉ፤ እሱ በዋናነት ቻይና ለዓለም የምትሸጥበት ነው። ለመሸጥ የሚሻለው ሻንጋይ ላይ በየዓመቱ ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ የሚደረገው የገቢ ዕቃዎች ኤግዚቢሽን ነው፤ ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ አለ።) ናሙና ከላካችሁ በኋላ ጥያቄው አያልቅም፦ የዘይት መጠን፣ እርጥበት፣ አሲድ፣ የቀለም መመሳሰል፣ ባለፈው ዓመት ማሳው ላይ ምን ተዘርቶ እንደነበር ሳይቀር። ለየጥያቄው በማግስቱ መልስ መስጠት የኔ ሙሉ የማርኬቲንግ ሥራ ነበር ማለት ይቻላል። ትእዛዙ ሲመጣም ትንሽ ነበር፤ ግን ይደጋገማል።

ክፍያው በኤልሲ ነው፤ ማለትም የገዢው ባንክ የተስማማንባቸው ሰነዶች ተሟልተው ሲቀርቡለት ሊከፍል ቃል የሚገባበት ደብዳቤ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠንቅቃችሁ እወቁ፦ ባንኩ ሰሊጡን አያይም፣ ወረቀቱን ነው የሚያየው። ሸቀጡ እንከን የለሽ ሆኖ ቢል ኦፍ ሌዲንጉ (መርከብ ድርጅቱ ጭነቱን መረከቡን የሚገልጽበት ሰነድ) ላይ ያለው የድርጅት ስም ከኤልሲው ጋር ካልገጠመ ክፍያው ይያዛል። ስለዚህ ኤልሲው ሲከፈት፣ ምንም ሳልጭን፣ ረቂቁን ቃል በቃል አነባለሁ፤ ማሟላት የማልችለው ቀን ወይም ሰነድ ካለ ያኔውኑ አስቀይራለሁ። ከተጫነ በኋላ ማስቀየር የገዢው መልካም ፈቃድ ነው።

ኮንቴይነሩ ሲታሸግም ቆሜ አያለሁ። በረጅሙ የባሕር ጉዞ ላይ ሙቀቱ ሲለዋወጥ ከጣራው ውሃ ይንጠባጠባልና፣ ውስጡን በወፍራም ወረቀት አልብሳለሁ፣ እርጥበት የሚመጥ ከረጢትም አንጠለጥላለሁ። ከዚያው ጭነት የወጣ የታሸገ ናሙና አንዱ እኔ ጋ ይቀራል፣ አንዱ ለገዢው ይሄዳል፤ ክርክር ቢነሳ የምንመለስበት አለን።

የመጨረሻው ጉዳይ ኢሜይል ነው። አጭበርባሪዎች በላኪው ስም "የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል" ብለው ለገዢ ይጽፋሉ። ለገዢዬ ገና ከመጀመሪያው የነገርኩት የሒሳብ ቁጥሬ በኢሜይል ፈጽሞ እንደማይቀየር ነው። እንዲህ ያለ መልእክት ከመጣው ይደውልልኝ፤ የሚደውለውም መልእክቱ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ውላችን ላይ ባለው ነው።