«ብርድ ነው» ያልነው ውጋት

የሰኔ ሒሳብ መዝጊያ ሰሞን ፋይናንስ ክፍል ውስጥ ቀና የሚል ሰው የለም። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ ውጋት ያዛት። ቦታው ግራ ትከሻዋ ሥር፣ በጠፍጣፋው አጥንትና በአከርካሪዋ መሀል ነው። ቢሮው በሙሉ «ብርድ ነው» አለ። መስኮት ተዘጋ፣ ቅባት መጣ። ዋግምት የሚያደርግ ሰው የሚጠቁምም አልጠፋም።

በመጨረሻ የሄደችባት ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴና በማሸት የምታክም ባለሙያ) ግን ጀርባዋን ከመንካቷ በፊት ስለ ጠረጴዛዋ ጠየቀቻት። ላፕቶፑ ዝቅ ያለ ነው። ቫውቸሮቹ በግራ በኩል ተቆልለዋል። ስልክ ሲደወል በጆሮዋና በትከሻዋ አጣብቃ በሁለት እጇ ትጽፋለች። ከላይኞቹ 4 የአንገት አጥንቶች ተነሥቶ የትከሻ አጥንት ላይኛው ጥግ ላይ የሚያርፍ ጡንቻ አለ። ትከሻን ወደ ላይ ከሚስቡት አንዱ ነው። ቀኑን ሙሉ ተኮማትሮ ከዋለ ማታ ይወጋል።

ላፕቶፑን ሁለት ደስጣ ወረቀት ላይ ሰቀልነው፤ ኪቦርድም ለብቻው ተገዛ። ቫውቸሮቹ ወደ ፊት ለፊቷ መጡ። በየግማሽ ሰዓቱ ትነሣለች። ሁለቱን የትከሻ አጥንቶች ወደ ኋላ አቀራርባ እስከ 5 ትቆጥርና ትለቃለች፤ 10 ጊዜ። ማታ ማታ የሞቀ ፎጣ ለ15 ደቂቃ። የቴኒስ ኳስም ግድግዳ ላይ ተደግፋ ጡንቻው ላይ ታንከባልላለች፤ አጥንቱ ላይ አይደለም። ቀስ በቀስ ተሻላት።

ሹፌራችንም ቀኝ ትከሻቸው ሥር ያማቸው ነበርና ኳሷን ተዋሱ። ምንም አልረዳቻቸውም። ልጅቷ ያኔ ፊዚዮቴራፒስቷ እሷንም የጠየቀቻትን ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ሲዞሩ፣ እጅዎን ሲያነሡ ይብስብዎታል?»

«ኧረ ብዞርም ብተኛም ያው ነው፣ ልጄ። ጥብስ የበላሁ ማታ ነው የሚብስብኝ። ለሰዓታት ይዞኝ ያድራል፣ ያቅለሸልሸኛል።»

ይህቺ መልስ ሁላችንንም አስደነገጠችን። የጡንቻ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በእንቅስቃሴ ይለዋወጣል። የእሳቸው ግን የሚከተለው ምግብን ነው። በግድ በሚባል ሁኔታ ሆስፒታል ላክናቸው። በአልትራሳውንድ ሲታይ የሐሞት ከረጢት ጠጠር ሆኖ ተገኘ። የሐሞት ከረጢትና የጀርባ ስሜት ወደ ሕብለ ሰረሰር የሚገቡት በተቀራረበ ቦታ ስለሆነ አእምሮ ሕመሙን ከጀርባ የመጣ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ሐኪሙ ሌላም ነገር ነግሯቸው ነበር፤ እኔ ለማንም ሳልነግር አላልፍም። ውጋቱ ደረት ከማፈን፣ ከላብ ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ልብ ሊሆን ይችላል፤ ይንጋልኝ አይባልም። እጅ ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ትኩሳት ካለ፣ ከወደቁ በኋላ ከጀመረም መታሸት ሳይሆን መታየት ነው።

ጋሼ ከረጢቱን በቀዶ ሕክምና አስወጡ። ውጋቱም አብሮ ሄደ።