ረመዳንና ረመጥ

ወዳጆቼ፣ ዒድ ሙባረክ! እንኳን ለዒድ አል ፈጥር በሰላም አደረሳችሁ። ይቺን የምጽፍላችሁ ከዒድ ሶላት ተመልሼ፣ ጎንደር አዲስ ዓለም ደጃፋችን ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ገና በጠዋቱ የመጋቢት ፀሐይ አናት ትበሳለች።

ትናንት የመጨረሻዋን ኢፍጣር እንደበላን ጎረቤታችን እማማ ለቡና ጠሩን። እሳቸው ሁዳዴ ላይ ናቸው፤ ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች የካቲት ውስጥ ተከታትለው ነው የገቡት። ጀበናው ረመጥ ላይ ተጥዷል። እሱን ሳይ ነው ወሬው የመጣልኝ። "እማማ፣ ረመዳንና ይሄ ረመጥ እኮ ዘመዳሞች ናቸው" አልኳቸው። በዐረብኛ የረመዳን ሥር ፀሐይ ያጋለው መሬት የሚፋጀውን ትኩሳት ነው የሚገልጸው፣ ግእዙ ደግሞ ትኩሱን አመድ ረመፅ ይለዋል፣ የእኛ ረመጥም ከዚያው ነው። እማማ ሳቁና "ታዲያ ወር ሙሉ ረመጥ ላይ ነበርን በሉኛ!" አሉ።

ከሂጅራ፣ ማለትም ከእስልምናው የጨረቃ አቆጣጠር ወራት፣ ሙሐረምም እንግዳ አይደለም፣ የእኛ እርም ወንድም ነው፤ ውጊያ እርም የሆነበት ወር። ረቢዕ ዝናብና ልምላሜ ነው። ሻዕባን ከመበተን ይመጣል፣ ሰዉ ውኃ ፍለጋ የሚበታተንበት እንደነበር ይነገራል። ዛሬ የገባው ሸዋልስ? ግመሏ ጭራዋን ከማንሳቷ ጋር ያያይዙታል። ይሄን ለልጆቹ ነግሬ ጠዋቱን ሙሉ ሲስቁ ዋሉ።

ከስሞቹ አንዳንዶቹ የወጡት ከወቅት ነው፣ ወራቱ ግን ወቅታቸውን ትተው ይዞራሉ። ድሮ ዐረቦች ከወቅቱ ጋር እንዳይለያዩ በየጥቂት ዓመቱ አንድ ወር ይጨምሩ ነበር፣ ነሲእ ይባላል፤ እኛ በጳጉሜ እንደምናስተካክለው በሉት። ቁርኣን በሱረቱ ተውባ ከለከለው። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ብቻ ስለሆነ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየተሳበ በ33 ዓመት ገደማ ዓመቱን ሙሉ ይዞራል። በ2005 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነበር። የጎንደርን ሐምሌ የምታውቁ ታውቁታላችሁ! ስሙ "የሚፋጅ" የሆነ ወር፣ እኛ ጋቢ ደርበን፣ ጃንጥላ ይዘን፣ በጭቃ እየተንሸራተትን ለተራዊህ፣ ለረመዳን የሌሊት ሶላት፣ ስንወጣ። እኔ ግን ይሄን መዞሩን እወደዋለሁ። ባይዞር ኖሮ ሙቀቱ ለአንዱ አገር፣ ብርዱ ለሌላው ተመድቦ ይቀር ነበር። (የእኛ ቀን ደግሞ ክረምት ከበጋ ብዙም አይረዝም፤ በሰሜን አውሮፓ በረጅሙ የሰኔና የሐምሌ ቀን ለሚጾሙት ነው ማዘን።)

ሒሳቡን ሳሰላው በ2022 ዓ.ም. የገና በዓል ረመዳን ላይ ሊውል ነው። ለእማማ ከወዲሁ ነግሬያቸዋለሁ፣ የገናውን ድፎ ዳቦ እስከ መግሪብ፣ ጾም እስክንፈታ፣ ያቆዩልን። ለዛሬ የምስር ሳንቡሳ ለይተንላቸዋል፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እወስድላቸዋለሁ።