ጋሼ የፈለጉት መጽሐፍ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት አንድ አባት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ሲጨነቁ አየሁ። ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ ልርዳዎት?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ስለ ዓድዋ መጽሐፍ ፈልጌ ነበር፤ ምንም የለም ይለኛል።»

መደርደሪያችን ላይ ግን ሞልቷል! ነገሩ የአንድ ፊደል ነው። እሳቸው በዐይኑ ዐ «ዓድዋ» ብለው ጻፉ፤ እኛ ድረ ገጹ ላይ የመዘገብነው በአልፋው አ፣ «አድዋ» ብለን ነው። ለጆሮ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት፣ ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ስለያዘ፣ ሁለቱ የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ እሳቱ ሰና ንጉሡ ሠ፤ ጸሎቱ ጸና ፀሐዩ ፀ... ሁሉም እንደዚያው። «የዓድዋ»፣ «በዓድዋ» ብሎ የጻፈ ሰውማ ጭራሽ ይጠፋዋል።

የኔታ ፊት ፊደል የቆጠረ ሰው በትክክል ጽፎ «የለም» ሲባል በጣም ከነከነኝ። ስንት ሰው እንዲህ ተመልሶ ሄዶ ይሆን?

መጽሐፉን አምጥቼ ሰጠኋቸው። ከዚያ እስከ ማታ ቁጭ ብዬ ፍለጋው ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ እንዲቆጥር አስተካከልኩ። የመጻሕፍቱ ርዕስ ግን ደራሲው እንደጻፈው ይቆያል፤ እሱን የምንነካበት ምክንያት የለም። የ«የ» እና የ«በ» ነገር ገና ይቀረኛል፤ ነገ እቀጥላለሁ።

ስወጣ ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አሁንም እያነበቡ ነበር።