ከጀርባ የሚሞላው ውሃ

ጀማ ወንዝ ዳር የዓሣ ማጥመጃ ቦታ እንድመርጥ የተላክሁት ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በሰኔ መግቢያ ነበር። ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ጀማን ከሚሻገርበት ድልድይ ተነሥተን ወንዙን ተከትለን ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ወረድን፤ ሥራዬም በማኅበር የተደራጁ አምስት ወጣቶች ከዳር ቆመው በመረብና በመንጠቆ የሚያጠምዱባቸውን ቦታዎች ለይቼ፣ በቅጽ ሞልቼ መመለስ ነበር። አብረውን የመጡት መረብ ጠጋኝ አዛውንት የመንዝ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ወጣትነታቸውን ያሳለፉት ግን ምጽዋ ነው፤ እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ ወደቡ ላይ ሲሠሩ፣ በዕረፍት ቀናቸው ከባሕሩ ዳር ዓሣ ያጠምዱ ነበር።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ያወሩልኝ ስለዚያ ዳርቻ ነው። በዳህላክ ደሴቶች ድንጋዩ የጥንት ኮራል ነው፤ ላዩ ጫማ ይቆርጣል፣ ሥሩን ደግሞ ውሃው በልቶ ጣሪያ አስመስሎታል። እንዲህ ባለ ዳርቻ ላይ ቦታ የሚመረጠው ውሃው በሸሸበት ሰዓት መሆኑን ደጋግመው ነገሩኝ፤ ባሕሩ ሲያፈገፍግ ሄዶ ድንጋዩን ራቁቱን ያየ ሰው፣ ውሃው ሲመለስ ዓሣው በየትኛው ቦይ ተከትሎ እንደሚገባና መንጠቆ የሚይዘው ስንጥቅ የት እንደሆነ አስቀድሞ ያውቃል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስለሚያልፍ፣ ሙላቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል፤ ጨረቃ ስትሞላና ስትወለድ ደግሞ ከፍታው ይጨምራል፣ ያን ጊዜ ምጽዋ ላይ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ልዩነት 1 ሜትር ገደማ ይደርሳል። አንድ ሜትር ለሰሚው ትንሽ ይመስላል። ጋሼ እንደሚሉት ግን ሰውን የሚያስቸግረው ከፊት የሚመጣው ውሃ ሳይሆን ከጀርባ የሚሞላው ነው፤ አጥማጁ ዓይኑን ክሩ ላይ ተክሎ ሳለ ከኋላው ያለው ዝቅ ያለ ቦይ ቀድሞ ይሞላና የቆመበት ድንጋይ ደሴት ይሆንበታል። ስለዚህ እሳቸው ክር ከመጣላቸው በፊት ከውሃው ጠርዝ ላይ ነጭ ድንጋይ ያስቀምጡና እሱን እያዩ ያጠምዱ ነበር።

ይህን ሁሉ እንደ ጥሩ ጨዋታ ሰማሁት። ከባሕር ሙላት ለጀማ የሚሆን ነገር ይገኛል ብዬ አላሰብሁም።

የወንዙን ቦታ መምረጥ በትምህርት የማውቀው ነገር ስለነበር ተማምኜበታለሁ። በጀማ ገደል ውስጥ ዓሣ የሚገኘው ፈጣኑ ውሃ ከዝግተኛው ጋር በሚገናኝበት መስመር፣ ከትልልቅ ድንጋዮች ኋላ ባለው ጸጥ ያለ ውሃና ጥልቀት ባለው ቦታ ነው፤ ቢልጫ የሚባለው ዓሣ ጉልበቱን ሳይጨርስ ወራጁ የሚያመጣለትን ምግብ ከድንጋይ ጀርባ ሆኖ ይጠብቃል፣ አምባዛ ደግሞ ቀን ጥልቁ ውስጥ ተኝቶ ይውልና ሌሊት ወደ ዳር ይወጣል። ገባር ወንዝ የሚቀላቀልበት አፍም ዓሣ ይበዛበታል። ነገር ግን ቢልጫ በክረምት እንቁላሉን ለመጣል ጠጠር ወዳለበት ገባር ስለሚወጣ፣ በዚያ ወቅት አፉን በመረብ መዝጋት የከርሞውን ዓሣ ከሥሩ መንቀል ነውና እንዲህ ያሉትን ሁለት ቦታዎች ከቅጹ ሰርዣለሁ። በዚህ ውሳኔዬ ዛሬም እጸናለሁ።

በመጨረሻ የመረጥሁት ከዳር ወደ ወንዙ የገባ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ነበር። ከፊቱ አረንጓዴ ጥልቅ ውሃ፣ ከጎኑ ቀስ ብሎ የሚዞር አዙሪት አለ፤ ከኋላው ደግሞ ድንጋዩን ከገደሉ የሚለይ፣ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ቀጭን ውሃ ይፈስሳል። ወጣቶቹ ተሻግረው ሦስት መረቦች ጣሉ። ጋሼ ግን ከገደሉ ሥር የበቀለ ሾላ አጠገብ ቆመው ወደ ላይ ያያሉ።

«ይህን ማን ሰቀለው ልጄ?» አሉኝ።

እጄን ዘርግቼ በማልደርስበት ባላ ላይ ደረቅ ሣር፣ የማሽላ አገዳና የተቀደደ ማዳበሪያ ተጠቅልሎ ይታያል። ያለፈው ክረምት ያመጣው ነው ብዬ መለስሁ።

«ዘንድሮስ ክረምት አይገባም?»

«ጋሼ፣ ሰማዩን ይዩት እንጂ፤ አንዲት ደመና እንኳ የለችም።»

አልተከራከሩኝም። ከኋላችን ካለው ቀጭን ውሃ ጠርዝ ላይ ነጭ ድንጋይ አኖሩና አጠገቡ ተቀመጡ።

ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ «ድንጋዩ ጠፋ! ውጡ!» ብለው ጮኹ። ቀና ስል ከላያችን ያለው ሰማይ አሁንም ጥርት እንዳለ ነው። ውሃው ግን አረንጓዴነቱ ጠፍቶ አተላ መስሏል፤ የእርጥብ አፈር ሽታም መጣ። ከእግሬ ሥር አንድ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያም ከነቅርንጫፉ ሲያልፍ አየሁ። እዚያ ቆላ ዳርቻ ባሕር ዛፍ የለም። ባሕር ዛፉ ያለው ደጋው ላይ ነው፤ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ እኛ የቆምንበት ገደል ከዚያ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ በሬሳን የመሳሰሉ የደጋ ወንዞችም ውሃቸውን ይዘው ጀማ ውስጥ ይገባሉ። እኛ ጥርት ያለ ሰማይ ስናይ፣ ደጋው ላይ ቀደም ብሎ የዘነበው እየወረደብን ነበር።

ከፊታችን ያለው ውሃ ድንጋዩን ገና አልነካውም፤ ከጀርባችን ያለው ቦይ ግን ጉልበት ደርሷል። ጋሼ የመረብ ገመዱን ጫፍ ከሾላው ግንድ አስረው ወረወሩልን። ወጣቶቹ ገመዱን ይዘው አንድ በአንድ ተሻገሩ፤ እኔ የመጨረሻው ስሆን ውሃው ወገቤን አልፎ ስለነበር እግሬ ሁለት ጊዜ ከመሬት ተነሣ። ቅጹን የያዘው ቦርሳና ሦስቱም መረቦች ቀሩ። ገደሉን ጥቂት ወጥተን ዞር ስንል ጠፍጣፋው ድንጋይ አይታይም፤ የነበረበትን ቦታ የሚያመለክት እብጠት ብቻ ውሃው ላይ ነበር።

ከኋላ ቦይ ያለበትን ድንጋይ ከዚያ ወዲህ ምንም ያህል ዓሣ ቢኖረው አልመዘግብም። አዲሱን ቅጽ ስሞላ ከዓሣው ዓይነትና ከውሃው ጥልቀት በፊት ሁለት ነገር ጻፍሁ፦ መውጫው በየት እንደሆነና ያለፈው ዓመት ጎርፍ ትቶት የሄደው ጉድፍ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደተሰቀለ። ጎርፍ በየዓመቱ እኩል ባይመጣም፣ ውሃው የት ድረስ መውጣት እንደሚችል በዓይን የሚያሳይ ከዚያ የተሻለ ምልክት ዳርቻው ላይ አላገኘሁም።

በሦስተኛው ቀን ወንዙ ሲጎድል ተመልሰን ሄድን። ከሦስቱ መረቦች አንዱ እዚያው ሾላ ባላ ላይ፣ ከአሮጌው ሣርና ማዳበሪያ ጋር ተጠምጥሞ ተሰቅሏል። አንደኛው ወጣት ወጥቶ አወረደው፤ ጋሼም ጥላው ሥር ተቀምጠው በየዓይኑ የተሰካውን የባሕር ዛፍ ቅጠል እየነቀሉ፣ የተበጠሰውንና የሚጠገነውን ሲለዩ ዋሉ።