ለኪቦርድ የሚሆን ስፒከር፦ እስካሁን የደረስኩበት

ለገጣፎና ሰንዳፋ አካባቢ ሰርግ የምትሠሩ ታውቁታላችሁ። ብዙ ጊዜ ባንድ የሚባለው ዘፋኙና ኪቦርዲስቱ ብቻ ናቸው። ድራሙም ቤዙም ከኪቦርዱ ነው የሚወጣው። ስለዚህ የጊታር አምፕ ተውሶ መሰካት አያዋጣም። ትዊተር (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣው ትንሿ ስፒከር) ስለሌለው ከ5,000 ኸርትዝ በላይ ያለው ድምፅ በጣም ይቀንሳል፤ ሲምባሉ ይታፈናል፣ ፒያኖው ጉንፋን የያዘው ይመስላል።

እኔ የረጋሁት አምፑ ከውስጡ ባለ፣ ባለ 12 ኢንች ስፒከር ላይ ነው። ባለ 10 ኢንቹ ለሸክም ይቀላል፤ ጭፈራው ሲደምቅ ግን ቤዙ ይደክማል። ሻጭ ዋት ሲቆልልባችሁ ብዙ አትደነቁ። ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ነው። ለጆሮ እጥፍ መስሎ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ገደማ ያስፈልጋል፤ ያ ማለት አሥር እጥፍ ዋት ነው! የራሳችሁን ኪቦርድ ይዛችሁ ሄዳችሁ ሰክታችሁ ስሙት።

ስፒከሩ አንድ ከሆነ ጃኩን ‹ሞኖ› ተብሎ የተጻፈበት የግራ መውጫ ላይ ስኩ። ቀኙ ላይ ብቻ ከተሰካ የድምፁ ግማሽ ይቀራል። የስፒከሩ መምረጫም ከማይክ ወደ ላይን ይዙር። የኪቦርዱን ቮልዩም ሦስት አራተኛ ላይ አድርጌ በጣም የሚጮኸውን ሪትም እከፍታለሁ። ከዚያ ቀዩ መብራት ብልጭ እስኪል የስፒከሩን ጌይን (የሚገባውን ድምፅ መጠን ማስተካከያ) ከፍ አደርግና ትንሽ መለስ እለዋለሁ።

ድንኳን ውስጥ ትልቁ ራስ ምታት ‹እምምም› የሚለው ድምፅ ነው። የኔ ስፒከር ከመድረኩ ሶኬት፣ ሚክሰሩ ከሌላኛው ጥግ ኤሌክትሪክ ሲወስዱ በሚያገናኛቸው ኬብል በኩል የምድር ሽቦዎቻቸው (ኧርዝ) ይገናኛሉ፤ ሁሙ ከዚያ ይመጣል። መሃል ላይ ዲአይ ቦክስ የሚባለውን ትንሽ የድምፅ ማገናኛ ሳጥን አስገብቶ የምድር መቁረጫውን መጫን ብዙ ጊዜ ጸጥ ያደርገዋል። የሶኬቱን የምድር ሽቦ የሚቆርጡ አሉ። ይሄ በነፍስ መቀለድ ነው፣ በተለይ ዝናብ ሲገባ።

ስፒከሩን ከጎኔ መሬት ላይ አጋድሜ ወደ ጆሮዬ አዞረዋለሁ። ከጀርባዬ ሲሆን ድምፁ የዘፋኙ ማይክ ውስጥ ገብቶ ያፏጫል። አዳራሽ ውስጥ ቤዙን ቀነስ አደርጋለሁ፤ ሸራ ግን ቤዝ አይመልስም፣ ስለዚህ ድንኳን ውስጥ እንዳለ እተወዋለሁ።

ቀጥሎ ሁለተኛ ስፒከር ጨምሬ ስቴሪዮ ልሞክር ነው። ለእንግዳው ብዙም አይጠቅመው፤ ጥግ የተቀመጠ ሰው የሚሰማው አንዱን ጎን ነው። ለራሴ ጆሮ ነው እንጂ።