የማህፀን በር ካንሰር ልየታ ጥናት እንዴት እንደሠራን፣ ምን እንደተሳሳትኩ

በጥናት ቢሯችን ውስጥ ከነበሩት ጠረጴዛዎች የአንዱ መሳቢያ በታሸጉ ፖስታዎች ተሞልቶ ነበር። በየፖስታው ላይ የተሳታፊዋ መለያ ቁጥር ተጽፏል፤ ውስጡ የምርመራ ውጤት አለ፤ ባለቤቷ ግን ውጤቷን ለመውሰድ አልተመለሰችም። ያን መሳቢያ በከፈትኩበት ቀን ላቦራቶሪው የመጀመሪያውን ዙር ሥራ አጠናቆ፣ እኔም የሪፖርቱን ሠንጠረዥ መሙላት ጀምሬ ነበር። በሙያዬ የሞለኪውላር ላቦራቶሪ ሰው በመሆኔ፣ ጥናት ማለት ጥሩ ናሙና ተቀብሎ ትክክለኛ ውጤት ማውጣት ይመስለኝ ነበር። እንዳልሆነ የገባኝ ከነዚያ ፖስታዎች ነው።

ጥናቱ የሚመለከተው ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝና መደበኛ የሕክምና ክትትል ያላቸውን ሴቶች ነበር። ለሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ለኤች ፒ ቪ ምርመራ የሚሆነውን ናሙና በሐኪም እጅ ሳይሆን ራሳቸው ቢወስዱ ውጤቱ ያስተማምናል ወይ፣ ቫይረሱ የተገኘባቸውስ ሕክምናው ላይ ይደርሳሉ ወይ የሚለውን ለማወቅ ነው የተነሳነው።

ኢንፌክሽንና ካንሰር ብዙ ጊዜ በተለያየ ክፍል፣ በተለያየ ባለሙያ የሚታዩ ስለሆኑ የማይገናኙ ይመስላሉ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም ላይ በካንሰር ከተያዙት አዳዲስ ሕሙማን 13 በመቶ ያህሉ የበሽታቸው መነሻ ኢንፌክሽን እንደሆነ ተሰልቷል። ከእነዚህም አብዛኛውን ድርሻ የሚይዙት ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ፣ ኤች ፒ ቪ፣ እንዲሁም የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ቫይረሶች ናቸው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ሃራልድ ዙር ሃውዘንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1984 ከኤች ፒ ቪ ዓይነቶች መካከል ዓይነት 16ን እና ዓይነት 18ን ከማህፀን በር ካንሰር ናሙና ለይተው አውጥተዋል፤ ዙር ሃውዘን ለዚህ ሥራቸው በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከማህፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉን የሚያመጡት እነዚህ ሁለት ዓይነቶች ናቸው። ሆኖም ቫይረሱ የገባባት ሴት ሁሉ ካንሰር ይይዛታል ማለት አይደለም፤ አብዛኛው ኢንፌክሽን በሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ሳይጠፋ የሚቆየው ሕዋሳትን ቀስ በቀስ ለውጦ ወደ ካንሰር ለመድረስ የመከላከል አቅሟ ደህና በሆነ ሴት ከ15 እስከ 20 ዓመት፣ አቅሟ በተዳከመ ሴት ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ ሴቶች ለዚህ ካንሰር ያላቸው ተጋላጭነት ስድስት እጥፍ መሆኑ ሲታሰብ፣ የእኛ ተሳታፊዎች የነበራቸው ጊዜ አጭሩ ነበር ማለት ነው።

የመጀመሪያው የፕሮቶኮል፣ ማለትም የጥናት ዕቅድ ረቂቄ የትኛው የቫይረስ ዓይነት በስንት ሴቶች ላይ እንደሚገኝ ከመቁጠር አያልፍም ነበር። እንዲያዩልኝ የሰጠኋቸው አንጋፋ የኤፒዲሚዮሎጂ ባለሙያ ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆም ብለው፣ «ቫይረሱን ካገኛችሁባት በኋላ ይህችን ሴት ምን ልታደርጓት ነው?» አሉኝ። «ወደ ሕክምና እንልካታለን» አልኩ። «የምትለኩት መላካችሁን ነው ወይስ መድረሷን?» ብለው ረቂቁን መለሱልኝ። ከዚያ በኋላ የጥናቱን ዋና መለኪያ ቀየርኩት፤ ቫይረሱ ከተገኘባቸው ሴቶች መካከል ሕክምና ያገኙት ምን ያህል ናቸው የሚል ሆነ። አሁን መለስ ብዬ ሳየው የቀየርኩት መለኪያውን ብቻ ነበር፤ አሠራሩን አልነካሁትም።

የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ከጠበቅነው በላይ ወራት ወሰደ፤ ስለዚያ ብዙ የምለው የለኝም። በስምምነት ቅጹ ላይ ያስቸገረን የቃላት ምርጫ ነበር። በላቦራቶሪ ውስጥ «ፖዘቲቭ» የሚለውን ቃል ሳናስብበት እንጠቀምበታለን፤ ለተሳታፊዎቻችን ግን ቃሉ ከብዙ ዓመት ጀምሮ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። በቅድመ ሙከራው ወቅት ነርሷ «ኤች ፒ ቪ ፖዘቲቭ ሆነሻል» ስትላት፣ አንዲት ተሳታፊ ፈገግ ብላ «እሱንማ ካወቅሁ ቆየሁ እኮ» አለች። ሌላ በሽታ እየተነገራት መሆኑን ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀ። ቃሉን ከቅጹም ከአንደበታችንም አውጥተን «ቫይረሱ ተገኝቷል» እና «ቫይረሱ አልተገኘም» በሚሉት ተካነው። «የማህፀን በር» የሚለውም እንዲሁ ነበር፤ ብዙዎቹ የሚሰሙት «ማህፀን» የሚለውን ብቻ ስለነበር «ማህፀኔ ሊወጣ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይከተል ነበር። ለዚህ መፍትሔ የሆነው ረጅም ማብራሪያ ሳይሆን አንዲት ነርስ በእስክሪብቶ የሣለችው ሥዕል ነው።

ናሙና አወሳሰዱን በተመለከተ፣ የቫይረሱን ዘረመል አባዝቶ በሚለየው፣ ፒሲአር በተባለው ዘዴ የሚሠሩ ምርመራዎች ሴቷ ራሷ በወሰደችው ናሙና ላይ ቅድመ ካንሰርን፣ ማለትም ወደ ካንሰር ሊያመራ የሚችል የሕዋስ ለውጥን የማግኘት አቅማቸው ባለሙያ ከወሰደው ጋር የሚቀራረብ መሆኑ ቀደም ባሉ ጥናቶች የተረጋገጠ ስለነበር ያን ያህል አልሰጋንም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን «ዋጋ ቢስ» የሚል ውጤት በተደጋጋሚ ይወጣ ጀመር። ማሽኑ ከቫይረሱ ዲኤንኤ ጎን ለጎን በናሙናው ውስጥ የሰው ዘረመል መኖሩንም ይፈትሻል፤ የሰው ሕዋስ በቂ ካልሆነ «ቫይረስ የለም» ብሎ ከመዋሸት ይልቅ ውጤት አልሰጥም ይላል። እኔ ወዲያው የጠረጠርኩት የመመርመሪያውን ካርትሪጅ ነበር፤ የሙያ በሽታ ይሆናል። ችግሩ የተገኘው አንዲት አዋላጅ ነርስ ከመጋረጃው በስተውጭ ቆማ ማብራሪያው እንዴት እንደሚሰጥ ስትከታተል ነው። ናሙናው የሚወሰድበት ብሩሽ በታሸገበት ላስቲክ ውስጥ እንዳለ ከሩቅ እየታየ፣ በጥድፊያና በለሆሳስ ይነገራቸው ነበር፤ ሴቶቹም እንዳይጎዱ ፈርተው ከመግቢያው ሳያሳልፉ ያወጡት ነበር። ከዚያ በኋላ ለማሳያ የተከፈተ ብሩሽ በእጃቸው እንዲይዙ፣ ጫፉን መዳፋቸው ላይ ጫን አድርገው እንዲያጥፉትና ልስላሴውን እንዲያዩ ተደረገ። ዋጋ ቢስ ውጤቱ ከዚያ ወዲህ ብርቅ ሆነ።

ከሁሉ ያሳፈረኝ ነገር የደረሰው በሦስተኛው ወር ነው። ናሙናው የሚቀመጥበት ፈሳሽ ሜታኖል ያለበት ነው። ተለጣፊ ወረቀት ባለቀበት አንድ ጠዋት መለያ ቁጥሮቹ በማርከር ቱቦው ላይ በቀጥታ እንዲጻፉ ፈቀድኩ። የሁለት ቱቦዎች ክዳን በደንብ አልተጠበቀም ኖሮ ፈሳሹ በጉዞ ላይ ሾልኮ ጽሑፉን አጠበው፤ ላቦራቶሪ ሲደርሱ ሰማያዊ እድፍ ብቻ ነበር የቀረው። መዝገቡ ላይ ውጤት ያልተሞላላቸው ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ቱቦዎቹም ሁለት ናቸው። ስንመረምራቸው በአንደኛው ዓይነት 16 ተገኘ፣ ሌላኛው ምንም አልነበረበትም። የሳጥኑን ቅደም ተከተል አይተን «ይህ የእሷ መሆን አለበት» ለማለት ምንም አልቀረንም ነበር። አንድ ባልደረባዬ እንዲያውም ከሞላ ጎደል እርግጠኛ ነበር። ነገር ግን ግምታችን ከተገለበጠ አንዷ ያለ በሽታዋ ትታከማለች፣ ሌላዋ ደግሞ «ነፃ ነሽ» ተብላ ለዓመታት ትሰናበታለች። ሁለቱንም ቱቦዎች አስወግደን፣ ድርጊቱን ለኮሚቴው በጽሑፍ አሳውቀን፣ ለሁለቱም ሴቶች ራሴ ደወልኩ። አንደኛዋ ሳትቆጣ መጣች። ሁለተኛዋ ግን «እናንተ ስትረሱ የሥራ ቀኔን የማጣው እኔ ነኝ» አለችኝ፤ ልክ ነበረች። በመጣች ጊዜ ተለጣፊው ወረቀት መጣበቁን በአውራ ጣቷ ጫን ብላ ካረጋገጠች በኋላ ነው ቱቦውን ያስረከበችን። ከዚያ ቀን በኋላ ተለጣፊው ተሳታፊዋ እያየች እንዲለጠፍና ቁጥሩ ጮክ ብሎ እንዲነበብ አደረግን፤ ያለ ተለጣፊ ናሙና መሰብሰብም ፈጽሞ ተከለከለ።

ቫይረሱ የተገኘባቸው ሴቶች የሚቀጥለው ደረጃ በአሴቲክ አሲድ መታየት ነበር። ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሲድ የማህፀን በር ላይ ይቀባና አንድ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፤ የተለወጠ ሕዋስ ያለበት ቦታ ይነጣል። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ሁለት ልምድ ያላቸው ነርሶች አንዱን የማህፀን በር አይተው አንዷ «ነጥቷል»፣ ሌላዋ «እብጠት ነው» ሲሉ ግን ሰምቻለሁ። ፎቶግራፍ እያነሳን በየሳምንቱ አብረን ማየት ስንጀምር አለመስማማቱ ቀነሰ፣ አልጠፋም ግን። ለሕክምናው የምንጠቀመው ጫፉ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ በሚሞቅ መሣሪያ የተለወጠውን ቦታ ማቃጠል ሲሆን፣ ይህም የሚሆነው ቦታው ሙሉ በሙሉ የሚታይ፣ ወደ ውስጠኛው ቀዳዳ ያልዘለቀና ካንሰር የማያስጠረጥር ሲሆን ነው። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉት ሴቶች ላይ ቦታው ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ በዓይን ማየቱ ብዙም አይረዳም፤ እነሱን ወደ ከፍተኛ ሕክምና መላክ ነበረብን።

ወደ ፖስታዎቹ ልመለስ። ምርመራውን የምንሠራው ጂን ኤክስፐርት በተባለው፣ ለሳንባ ነቀርሳም በሚያገለግለው ማሽን ነበር። ማሽኑ ውጤት ለመስጠት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ይበቃዋል። እኛ ግን ናሙናዎቹን አጠራቅመን በሳምንት አንድ ቀን እንመረምር ነበር። ይህን የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም ለላቦራቶሪው የሥራ ክፍፍል ይመች ስለነበር ብቻ ነው። አንድ ሰዓት የሚፈጀው ውጤት በእኔ ምቾት የተነሳ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ሴቷ በዚያ መሃል ትመለሳለች ብለን እንጠብቃለን። አንዳንዶቹ ስልክ ቀይረው ነበር፤ አንዳንዶቹ የሰጡን የባላቸውን ቁጥር ስለነበር ደውለን ምን እንደምንል አናውቅም፤ ሌሎቹ ደግሞ ፈቃድ ጠይቀው የሚቀሩበት ሥራ አልነበራቸውም።

የባሰው ስህተት ሪፖርቱ ላይ ሊደገም ነበር። በረቂቅ ሠንጠረዤ ላይ ሕክምና ያገኙትን ሴቶች ያካፈልኩት ውጤታቸውን ሊወስዱ ለተመለሱት ብቻ ነበር። ለምሳሌ ቫይረሱ ከተገኘባቸው 10 ሴቶች 6ቱ ተመልሰው 5ቱ ቢታከሙ፣ በእኔ አቆጣጠር ስኬቱ 83 በመቶ ይሆናል፤ እውነቱ ግን 50 በመቶ ነው። የስታቲስቲክስ ባለሙያችን ወረቀቱን መለሰችልኝና «ያልመጡት ሴቶች ከቁጥሩ ሲወጡ ከበሽታውም ወጡ እንዴ?» አለችኝ። ያልተመለሱት በዘፈቀደ የቀሩ እንዳልሆኑም አሳየችኝ፤ ከሩቅ የሚመጡትና ስልክ የሚጋሩት በብዛት የሚገኙት እነሱ ውስጥ ነበር። እነሱን ትቶ የተሰላ ቁጥር የሚናገረው ስለ ጥናቱ ሳይሆን ለመምጣት ስለሚመቻቸው ሴቶች ነው።

የአሠራር ማሻሻያውን ለኮሚቴው አቅርበን ካስፈቀድን በኋላ ናሙናው ጠዋት እንዲሰጥ፣ የክትትል ቀጠሮዋን እስክትጨርስ ማሽኑ እንዲሠራ፣ ቫይረሱ ከተገኘባት በዚያው ዕለት እንድትታይና የሚቻል ከሆነ እንድትታከም አደረግን። ከሳንባ ነቀርሳ ክፍሉ ጋር በማሽኑ ሰዓት መጨቃጨቃችን አልቀረም፤ በመጨረሻ የጠዋቱን ሁለት ዙር ለእኛ፣ ቀሪውን ለእነሱ ተስማማን። መሳቢያው ውስጥ አዲስ ፖስታ የሚገባው አልፎ አልፎ ብቻ ሆነ።

ውጤቱን መንገር ሌላ ሙያ መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ ተሳታፊ ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ መሆኑን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ሲስተር ወንበሯን አስጠግታ፣ «እናቴ፣ ይህ ቫይረስ ከስንት ዓመት በፊት እንደገባ ማሽኑ አይነግረንም፤ ማን እንዳመጣውም አይታወቅም። ዛሬ የምናውቀው መታከም የሚችል መሆኑን ነው» አለቻቸው። እሳቸውም ዝም ብለው ቆይተው «ልጄስ?» አሉ። ይህ ጥያቄ ከብዙዎቹ ይነሳ ነበር፤ እኛ ግን በመጠይቃችን ውስጥ ቦታ አላዘጋጀንለትም። የመጀመሪያው የኤች ፒ ቪ ክትባት ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 መጨረሻ ለልጃገረዶች አንድ ክትባት ብቻ መስጠትም እንደሚቻል አስታውቋል። ኤች አይ ቪ ላለባቸው ልጃገረዶች ግን ከአንድ በላይ ይመከራል። ይህን የሚያስረዳ አንድ ገጽ አዘጋጅተን መስጠት የጀመርነው ከጥናቱ አጋማሽ በኋላ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን መኖር ነበረበት።

አንድ ያልታረመ ነገር አለ። የታከመች ሴት ከ12 ወር በኋላ እንደገና መመርመር አለባት። እኔ የጥናቱን የጊዜ ሰሌዳና በጀት ያወጣሁት የመጨረሻዋ ተሳታፊ ከተመዘገበችበት ቀን ተነስቼ እንጂ፣ የመጨረሻዋ ታካሚ 12 ወሯን ከምትሞላበት ቀን ወደ ኋላ ቆጥሬ አልነበረም። ገንዘቡ ሲያልቅ ድጋሚ ምርመራቸው ያልደረሰ ሴቶች ነበሩን። በፈቃዳቸው ስማቸውንና የቀጠሮ ቀናቸውን ከጥናቱ መዝገብ ወደ ክሊኒኩ መደበኛ የክትትል ካርድ አዛወርን፤ ቀኑንም ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ከሚወስዱበት ቀን ጋር ገጠምነው። ጥናቱ ቢዘጋም በየወሩ መጀመሪያ ለካርድ ክፍሉ እየደወልኩ ማን እንደመጣች እጠይቃለሁ። ባለፈው ስደውል የቀሩት አራት ነበሩ።