ከአጋታርኪደስ ጋር ስድስት ወር

በንባብህ የት ደረስክ ላላችሁኝ ይኸው። የጥንት ግሪክ ታሪክ ማንበብ ስጀምር ሐሳቤ የታሪክ ጸሐፊውን ሄሮዶተስን ጨርሼ ማረፍ ነበር። መች ሆነና። አጋታርኪደስ የሚባል፣ ክኒዶስ ከምትባል የግሪኮች ከተማ የሆነ ጸሐፊ መንገድ ላይ ያዘኝ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት እስክንድርያ ተቀምጦ «ስለ ኤርትራ ባሕር» በአምስት መጽሐፍ ጽፏል። ኤርትራ ያው በግሪክኛ ቀይ ማለት ነው።

ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ መጽሐፉ የለም። ጠፍቷል። እኛ የምናነበው ሌሎች ከሱ የቀዱትን ነው፤ አንዱ ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ዲዮዶሮስ ነው፣ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ሌላው በ9ኛው መቶ ዓመት የቁስጥንጥንያ ፓትርያርክ የነበረው ፎጢዮስ። የአጋታርኪደስን ስም የሚያውቅ ሰው ብዙም የለም፣ ቃሉ ግን ሺህ ዓመት ሲቀዳ ኖረ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት አበላሽቻቸዋለሁ። ዲዮዶሮስ ያለውን ሁሉ «አጋታርኪደስ እንዲህ አለ» እያልኩ አንድ ደብተር ሞላሁ። ለካ ዲዮዶሮስ ከሌላ ደራሲም ወስዷል፣ ግብጽ ሳለም ካህናትን እንደጠየቀ ራሱ ይናገራል። አሁን ፎጢዮስን በሰማያዊ፣ ዲዮዶሮስን በቀይ እስክሪብቶ ጎን ለጎን እጽፋለሁ። ሁለቱ ሲገጥሙ ልቤ ያርፋል።

ወርቅ ማውጫው ላይ ይገጥማሉ፣ ግን ልብ የሚያሳርፍ አይደለም። ከግብጽ በስተደቡብ ነው ቦታው። እስረኞች በእግር ብረት ታስረው፣ ግንባራቸው ላይ መብራት አድርገው ድንጋይ ይፈልጣሉ። ልጆች በጠባቡ ዋሻ እየሾለኩ የተፈለጠውን ያወጣሉ፤ ወንዶች ጥራጥሬ እስኪያክል በብረት ዘነዘና ይወቅጡታል፣ ሴቶችና ሽማግሌዎች ይፈጩታል። ጠባቂዎቹ ሆን ተብሎ የሌላ አገር ወታደሮች ናቸው፣ ቋንቋ ስለማይገጥም እስረኛው አውርቶ ወይ ጉቦ ሰጥቶ አያግባባቸውም። እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ቡና አፈላሁ።

የሚያስቅም አለው። ዝሆን ዛፍ ተደግፎ ይተኛል፣ አዳኞች ዛፉን ቀድመው ይገዘግዙታል፣ ዝሆኑ ሲወድቅ መነሣት ያቅተዋል ይላል። ማን እንደነገረው እንጃ!

እኔን የጣለኝ ግን ዓባይ ነው። ዲዮዶሮስ ስለ ወንዙ ሙላት ሊቃውንቱ ያሉትን አንድ በአንድ ካጣጣለ በኋላ ለእውነቱ የቀረበው አጋታርኪደስ ነው ይላል። ምን ብሎ ነበር? ቀን ከሚረዝምበት ጊዜ ጀምሮ ቀንና ሌሊት እኩል እስኪሆኑ ድረስ፣ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ በየዓመቱ ሳያቋርጥ ይዘንባል። ጣቴን አጥፌ ቆጠርኩ፤ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ። ክረምት ነዋ! ሄሮዶተስ የወንዙን ነገር ለማስረዳት ፀሐይን ነፋስ ገፋት ሲል የቆየበትን፣ አጋታርኪደስ በዝናብ ዘጋው።

ያቺን አንቀጽ አሁን በግሪክኛው እየታገልኳት ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ማታ ፈጀብኝ። «ኦምብሩስ» ዝናብ መሆኑን ግን መዝገበ ቃላት ሳልገልጥ ለየሁ፣ ይህቺን ጻፉልኝ።